ካራማራን ስናነሣ ምርኮኞቹንም እናንሣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የካቲት 26 በደረሰ ቁጥር ስለ ካራማራ ድል የምታወጧቸውን ጽሑፎች በአክብሮት አነባለሁ። ጅጅጋ መስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እንዴት እንደተያዘች፣ በዚያው ዓመት የካቲት እንዴት እንደተመለሰች፣ የኩባ ጦር ምን ድርሻ እንደነበረው በየዓመቱ ይጻፋል። በዚያ ጦርነት ተማርከው ሶማሊያ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ስለቆዩት ወገኖቻችን ግን ከአንድ አንቀጽ ያለፈ አንብቤ አላውቅም። የአየር ኃይሉ አብራሪ የለገሠ ተፈራ ስም አልፎ አልፎ ይነሣል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን እግረኛና ሚሊሺያ የሚያነሣቸው የለም።

አባቴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ሐረርጌ ግንባር ዘመቱ፤ ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። ዓመታት ሲያልፉ አያቴ ቁርጣቸውን አውቀው ተዝካር አወጡ፤ እናቴ ግን ሬሳ ሳላይ ጥቁር አልለብስም ብለው የጎረቤትን ትዝብት ቻሉት። አባቴ ነሐሴ 1980 በቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አማካይነት ከተመለሱት ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ጋር ሲመጡ፣ ተዝካራቸውን የበሉ ሰዎች እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ለማለት ተሰልፈው ምን ብለው እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው እንደነበር በቤታችን እስከ ዛሬ ይወራል።

እሳቸው ግን ስለዚያ ዘመን አይናገሩም ነበር። እዚህ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ከሶማሌ ነጋዴዎች ጋር በቋንቋቸው አቀላጥፈው ሲጨዋወቱ ሰምቼ የት ተማሩት ብዬ ብጠይቅ ርእሱን ይለውጡብኛል። የምርኮ ዘመናቸውን መረጃ መፈለግ የጀመርኩት ካረፉ በኋላ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም መንገዱ መኖሩን የማያውቁ ብዙ ልጆች አሉ ብዬ ስለማምን ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ማንኛውም የጦር ምርኮኛ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለማዕከላዊው የምርኮኞች መረጃ ድርጅት ካርድ እንዲጽፍ ይፈቅዳል። በጊዜው ምን ያህል እንደተከበረ የእናቴን ዓመታት ያየ ይፈርዳል። ሆኖም የቀይ መስቀሉ ኮሚቴ ስለመዘገባቸው ምርኮኞች ያለውን መረጃ ጄኔቫ አስቀምጧል፤ ምርኮኛው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሲጠይቅም የምርኮ ማረጋገጫ ይሰጣል። ጥያቄውን አዲስ አበባ ላለው የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው። አመልካቹ ስሙን እስከ አያት መጻፍ፣ ዘመኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መመለስ፣ ቦታውንም በያኔው አጠራር መጥቀስ ይኖርበታል። አባቴ ሲዘምቱ አድራሻቸው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ የረርና ከረዩ አውራጃ፣ ናዝሬት ነበር እንጂ ኦሮሚያ ክልል፣ አዳማ አልነበረም።

ወረቀቱ ለትዝታ ብቻ አይደለም። አባቴ የምርኮ ዘመናቸው በአገልግሎት እንዲታሰብላቸው በሕይወት ሳሉ አንድ መሥሪያ ቤት ቢያመለክቱ፣ ማስረጃ ያምጡ ተብለው ተመልሰዋል። አሥር ዓመት የታሰረ ሰው የታሰረበትን ደረሰኝ ይዞ ይመጣ ይመስል!

ታሪክ ጸሐፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ ቢመረምሩልን ደስ ይለኛል። ያው ስምምነት ውጊያው እንዳበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይለቀቁ ይላል፤ የእኛዎቹ ግን መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ መጋቢት 1980 እስኪስማሙ ድረስ ቆዩ። ያን ወር የእኛ መንግሥት ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ከባድ ሽንፈት ደርሶበት ነበር፤ ዚያድ ባሬም በሰሜን ሶማሊያ አማፅያን ተወጥሮ ነበር። እንደ እኔ ግምት ምርኮኞቹን ያስፈታቸው ለእነሱ መታሰቡ ሳይሆን ሁለቱም ጦራቸውን ከድንበር ለማንሣት መገደዳቸው ነው። ግምቴ ከተሳሳተ የሚያርመኝን ባለሙያ ጽሑፍ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ከምርኮ ከተመለሱት አብዛኞቹ ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። ስለዚህ የመጪውን የካቲት ሳትጠብቁ ለቃላቸው አንድ ዓምድ እንድትሰጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። በከተማችን ከአባቴ ጋር አብረው የነበሩና ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑ አባቶች ስላሉ፣ ዝግጅት ክፍሉ ከፈለገ አገናኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ምርኮኛ ልጅ፣ ከአዳማ