ደብዳቤው መድረሱ ይረጋገጥልን፦ ለማኅበራዊ ዋስትና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አዳማ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ የጡረታ ጉዳይ የያዙ እናቶችና አባቶች ናቸው። የአገልግሎት ዘመናችን ተቀነሰ የሚሉ አሉ። ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለውን የተተኪ አበል የተከለከሉ አሉ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለውን ዛሬ አላነሳም። የማነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ውሳኔው ባለጉዳዩ ጋ መድረሱን የሚያረጋግጠው ማን ነው?

ባለጉዳዩ ቅሬታ ይዞ ሲቀርብ «የይግባኝ ጊዜው አልፏል» ይባላል። ደብዳቤውን አላየሁም ሲል የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ይገለጥለታል። ቁጥር አለ፣ ቀን አለ፣ ግልባጩም ፋይሉ ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ግን ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤቱ መውጣቱን ነው። እማማ እጅ መግባቱን አያሳይም።

የአገራችን ፖስታ በአብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣም። ፖስታ ሣጥን ያለው ሄዶ ይከፍታል። አብዛኛው ጡረተኛ ደግሞ ሣጥን የለውም። አድራሻውም ፍራንኮ ጋ፣ መብራት ኃይል ጋ ተብሎ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ደብዳቤው በቀድሞ አሠሪው ሣጥን ይላካል። ሰውዬው ከፋብሪካው ከወጣ ቆይቷል፤ አዲሷ ጸሐፊ አታውቀውም። ድርጅቱ ተዘግቶ ከሆነማ ሣጥኑን ማን ይከፍተዋል?

የአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በኋላ በ5 ቀን እንደደረሰ ይቆጥራል። ከዚያ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን ይሰጣል። እዚያ ግን ፖስተኛ በየቤቱ ይዞራል። እንደዚያም ሆኖ ባለጉዳዩ በ5 ቀን ውስጥ አልደረሰኝም ብሎ ማስረዳት ይችላል። እኛ ጋ ፖስተኛው ሳይኖር ግምቱን ብቻ መውሰድ በደል ነው።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱም ይገለጽ ይላል። ባለጉዳዩ ካላነበበው የተጻፈው ምክንያት ምን ይጠቅመዋል? ፍርድ ቤት እንኳ መጥሪያ ሲያደርስ ያስፈርማል።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ውሳኔው በእጅ ሲሰጥ ባለጉዳዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። ማንበብ የማይችል ይነበብለትና አሻራውን ያኑር። በፖስታ ከሆነ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በአደራ ይላክ፤ ተቀባዩ የፈረመበት ወረቀትም ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ስልካቸው ፎርሙ ላይ ካለ ደውሎ «ውሳኔዎ ወጥቷል፣ ይምጡ» ማለትም ይቻላል። የስልክ መልእክት ጥሩ ነው፤ ሲም ለቀየረ ሰው ግን እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሁንበት።

የይግባኙም ቀን ከፊርማው ይቆጠር። ፊርማ ከሌለ ደብዳቤው መድረሱን የሚያስረዳው መሥሪያ ቤቱ ይሁን። አልደረሰኝም የሚል ሰው ያልደረሰውን ነገር በምን ያስረዳ? መዝገቡም ፋይሉም ያለው እናንተ እጅ ነው። አውቆ አልደረሰኝም የሚል አይጠፋም፤ እሱንም ቢሆን የሚያጋልጠው ያው ፊርማው ነው።

ጊዜው አልፏል ተብለው የተመለሱትንም አትርሷቸው። ፋይላቸው እንደገና ይታይ። የተረከቡበት ፊርማ ካልተገኘ ውሳኔው በእጃቸው ይሰጣቸው፤ የይግባኝ ጊዜያቸውም ከዚያ ቀን ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር
ከአዳማ