የእኛው ቅነሳ ስም ነበረው

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ የዛሬ ተማሪ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ እንደ ስድሳዎቹ ልጆች ለትምህርቱ አይጮህም ብለው ነበር። ከስድሳዎቹ ልጆች አንዱ ነኝና አንድ ሁለት ነገር ልበል።

የካቲት 1966 ደብረ ብርሃን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መምህራን ሥራ አቆሙ፤ እኛም ጋቢያችንን እንደተከናነብን ወጣን። ጠባችን «ሴክተር ሪቪው» ከሚሉት የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ጋር ነበር። አብዛኛውን ልጅ አራት ዓመት አስተምረው ሊሸኙት፣ ሁለተኛ ደረጃን ለጥቂቶች ሊያደርጉት ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ያነበበ አልነበረም። ግን ከመንዝ ስንቁን ተሸክሞ ለመጣ ልጅ አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ማን ያስረዳዋል? እስከ በሬሳ ወንዝ ድረስ አባረሩን። አንድ እግር ሸራ ጫማዬን ጥዬ ቤት ገባሁ፤ እናቴ ከመንግሥት ብሳ ተቆጣችኝ። ብዙም ሳይቆይ ዕቅዱ ቆመ።

የዛሬው ቅነሳ ስም የለውም። «ቀነስኩ» የሚል ሰው የለማ! የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 22 ብር ላይ ቆሞ ሲቀር ጤፍ ግን አልቆመም። በ2017 በጀቱ 100 ብር ገባ ሲባል ደስ አለኝ። ከዚያ ቁርስ፣ ምሳና ራት ብዬ አካፈልኩት፤ ለአንዱ 33 ብር ከምናምን። እስቲ በዚህ ብር ሽሮ እዘዙ።

በክልላችን ደግሞ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በግጭቱ በራቸው የተዘጋ ትምህርት ቤቶች አሉ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ተማሪ ከየትኛው ክፍል ወጥቶ ይጩህ?

የጎረቤቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። መጽሐፍ አልደረሳትም። ማታ ማታ እኛ ቤት ትመጣና የፊዚክሱን መጽሐፍ ከእኔ ስልክ ላይ ትገለብጣለች። ሥዕሉን በጣቷ አስፍታ ታየዋለች፣ በእርሳስ ትስለዋለች፣ መልሳ ታሰፋዋለች። ስልኩ ላይ ተጥደዋል ከተባሉት አንዷ እንግዲህ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ፣ ስልኩም 4 በመቶ ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ፣ ይቺን ሥዕል ልጨርሳት» አለችኝ። ሳትጨርሳት ጠፋ።

ጡረተኛ መምህር
ደብረ ብርሃን