ለሰኒ፣ ከፕሮቪደንስ

ሰኒዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ድምፃችን ከተጠፋፋ ቆየ፤ በጣም ናፍቀሽኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ አዋላጅ ስለሆንሽም ነው። ይህን ነገር ካንቺ ሌላ የማጫውተው ሰው የለኝም።

እኔ አሁንም እዚሁ አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ነፍሰ ጡሮች የሚከታተሉበት ክሊኒክ ውስጥ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ጃኬቷ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፤ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ጎትታ ይዛዋለች። ገና አፌን ሳልከፍት አቀረቀረች። ስንት ሰው እንደተቆጣት ታወቀኝ። «ሲጋራው በጣም የሚያምርሽ መቼ ነው?» አልኳት። «እናቴና ጓደኛዋ ሲጨቃጨቁ» አለችኝ።

አየሽ፣ ልጅቷ የምታጨሰው ጭንቀቷን ለማስታገስ ነው። ኒኮቲኑ ግን እንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ኦክስጅኑን ይሻማዋል። እዚሁ ፕሮቪደንስ ሎራ ስትራውድ የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.አ.አ በ2014 አንድ ጥናት አውጥተዋል። እርጉዝ ሳሉ ያጨሱ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት፣ በመጀመሪያው ወር ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ለሲጋራ ካልተጋለጡት ሕፃናት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የጭንቀት ሆርሞን ቢያንስ ምን ክፋት አለው ትይኝ ይሆናል። ግን ሕፃኑ ተረከዙ ሲወጋ፣ ሲርበው፣ ሲበርደው ሰውነቱ ነቅቶ ራሱን እንዲያስተካክል ይኸው ሆርሞን ያስፈልገዋል። በእንግዴ ልጁም ላይ ለውጥ አይተዋል። የኮርቲሶልን ተቀባይ የሚሠራው ዘረ መል ራሱ አልተቀየረም፤ የተነካው እንደ መብራት የሚበራና የሚጠፋበት ማብሪያው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ገና ልጅ የሆነችውን እናት ብቻዋን ጥፋተኛ ማድረጋችን ነው። ቁጣ ከክትትሏ ያስቀራታል እንጂ ከሲጋራው አያላቅቃትም። የሚያስጨንቃትን የሚሰማት፣ ሲያምራት የምትደውልለት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። በየትኛውም ወር ብታቆም ለልጇ ይጠቅመዋል፤ ቀደም ስትል ደግሞ ይበልጥ። ይህንኑ ነገርኳት። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ራሷ መረጠች፤ ደስ አለኝ።

እናንተ ጋስ? የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግን ለክትትል የሚመጡትን ልጆች ስለ ሲጋራና ስለ ሺሻ የሚጠይቃቸው አለ? አንቺ ሳታስደነግጫቸው እንዴት ብለሽ ነው የምትጀምሪው? እስቲ በዝርዝር ጻፊልኝ። እማማን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ፣ ትግስት