ፊልሙ የቢቢሲ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ወሎው ረሃብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በደንብ የተሠራ ነው። ረሃቡን በፊልም ያሳየውን እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «የቢቢሲው ጆናታን ዲምብልቢ» የምትለው ሐረግ ግን ትታረም። ይህን ስህተት በራዲዮም በመጽሐፍም ስሰማውና ሳነበው ዓመታት አለፉ፤ ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

ፊልሙን የሠራው ቴምዝ ቴሌቪዥን ነው። ቴምዝ የለንደንና የአካባቢዋ ጣቢያ ነበር። ያኔ አይቲቪ የሚባለው የእንግሊዝ የንግድ ቴሌቪዥን በየአካባቢው ፈቃድ ለተሰጣቸው ኩባንያዎች የተከፋፈለ ነበር። ለንደንማ በቀንም ተከፍላለች፤ የሥራ ቀናቱ ለቴምዝ፣ ከዓርብ ምሽት እስከ እሑድ ለሌላ ኩባንያ። በሐምሌ 1960 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደረው ይህ ጣቢያ፣ አምስት ዓመት እንደሞላው «ዚስ ዊክ» ለተባለው ዝግጅቱ ጋዜጠኛውን ወሎ ድረስ ላከ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. «ያልታወቀው ረሃብ» ለእንግሊዝ ሕዝብ ታየ።

እኛ ያየነው ዘግይተን፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አቀረበው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ልጆች ወለሉ ላይ ተደርድረን ነበር። እናቴ ለእንቁጣጣሹ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ሲታይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ በኋላ ማንም ብርጭቆውን አላነሳም። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ሰው የጣቢያውን ስም የሚያምታታው፣ ይመስለኛል፣ ከጥቅምት 1977ቱ የኮረም ረሃብ ዘገባ ጋር ነው። እሱ በእርግጥ በቢቢሲ የቀረበ፣ የጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ዓመትና አንድ አብዮት አለ።

ነገሩ የሚከነክነኝ ቴምዝ ለስሙ የሚከራከርበት ሥርጭት ስለሌለው ነው። በፈቃድ ጨረታ ካርልተን በተባለ ኩባንያ ተሸንፎ ታኅሣሥ 22 ቀን 1985 ዓ.ም. የመጨረሻ ሥርጭቱን አስተላለፈ። ቢቢሲ የራሱ በቂ ዝና አለው። የሌላውን ድካም ለእርሱ መስጠት፣ ያውም በዚያ ረሃብ ወገኖቻችንን ባጣነው በእኛ ብዕር፣ ተገቢ አይደለም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ማስተካከያ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ