ልጄ፣ መጀመሪያ ወሰኑን ተመልከቺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። የካልኩለሱ ሚድ ስለተበላሸብሽ ዲፓርትመንት ልትቀይሪ ማሰብሽን ወንድምሽ ነገረኝ። ሳትወስኚ በፊት ይህን አንብቢ።

የፈተናውን ወረቀት አሳይቶኛል። የተጠየቀው ኢንተግራል ነው፣ ማለትም በግራፉና በኤክስ መስመር መካከል ያለው ስፋት፣ ከመስመሩ በታች ያለው በነጌቲቭ ተቆጥሮ፦ ኤክስ ኪዩብ በኮሳይን ኤክስ ተባዝቶ 3 ሲደመርበት፣ ከነጌቲቭ 2 እስከ 2። ባይ ፓርትስ፣ ብዜትን ከፋፍሎ የመሥሪያውን ረጅም መንገድ፣ ጀምረሽ ገጹን ሞላሽው። ለምን ልጄ? ወሰኑን፣ ከየት እስከ የት የሚለውን፣ ተመልከቺ፤ ከዜሮ ግራና ቀኝ እኩል ነው። ኤክስ ኪዩብ ኦድ ነው፣ በኤክስ ፈንታ ነጌቲቭ ኤክስ ስታስገቢ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ኮሳይን ኢቭን ነው፣ አይለወጥም፤ ብዜታቸው ኦድ። የግራውና የቀኙ ይጠፋፋሉ። የቀረው 3 ነው፤ በ4 ርዝመት 12። አለቀ።

ይህን ያስተማረኝ አጎትሽ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። አያትሽ ሲያርፉ ከ12ኛ ክፍል አቋርጦ ሸክም ገባ፤ እኔ በእሱ ላብ ኮሌጅ ገባሁ። አንድ ማታ ሳይን ኤክስ ለሳይንና ኮሳይን ድምር ሲካፈል ያለውን ጥያቄ ይዤ ቤት መጣሁ። ደክሞት ተጋድሞ ሳለ «ወሰኑስ?» አለኝ። ከ0 እስከ ፓይ ለ2 አልኩት። «ከላይኛው ወሰን ላይ ኤክስን ቀንሰህ በኤክስ ቦታ አስገባው» አለ። ሳይኑ ኮሳይን፣ ኮሳይኑ ሳይን ሆነ። የፊተኛውንና ይህን አዲሱን ስደምር ላይና ታቹ አንድ ሆኖ 1 ቀረ፤ የእሱ ኢንተግራል ፓይ ለ2፣ ሁለቱ እኩል ናቸውና የአንዱ ድርሻ ፓይ ለ4። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እሱ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እና አንቺ በአንድ ሚድ ልትተዪው?

ደግሞ እንዳትቸኩዪ። አንድ ለኤክስ ሲካፈልም ኦድ ነው፤ ከነጌቲቭ 1 እስከ 1 ግን መልሱ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ላይ ፈንክሽኑ የለም፣ ኢንተግራሉም ዳይቨርጅ ያደርጋል፣ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ወሰኑን ተመልከቺ ስልሽ ዳርና ዳሩን ብቻ አይደለም፤ መሃሉንም ነው።

ገንዘብ በቴሌብር አስገብቼልሻለሁ፤ ቁርስ ሳትበዪ ክላስ አትግቢ። አስተማሪሽን ቢሮው ድረስ ሄደሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። እናትሽ የላከችውን በሶ ከዶርም ልጆች ጋር ተካፈዪ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ኤክስ ሳይን ኤክስ ለአንድና ለኮሳይን ስኩዌር ኤክስ ድምር ሲካፈል ያለውን ኢንተግራል፣ ከ0 እስከ ፓይ ሠርተሽ ጠብቂኝ። መልሱ ፓይ ስኩዌር ለ4 ነው፤ እኔ የምጠይቅሽ መንገዱን ነው።

አባትሽ