ሀብሉ 15.575 አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ሲግኒፊካንት ፊገር የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ከአንድ ልኬት ልንተማመንባቸው የምንችላቸውን አሃዞች፣ በየዓመቱ ቦርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼም በየዓመቱ "ቲቸር ይሄ ምን ይሰራልናል?" ይሉኛል። ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ያየሁት ነገር ስላናደደኝ ነው የምጽፈው።

እማዬ ሀብሏን ልትሸጥ ፈለገች፣ ስትገዛው 21 ካራት ነው ተብላ ነው። ልጁ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ 12.46 ግራም። ከዛ መስመር የተሰመረበት ቀጭን የውሃ መለኪያ አመጣ፣ ውሃው 20.0 ላይ ነበር ሀብሉ ሲገባ 20.8 ሆነ። መስመሮቹ ግን በየ1 ሚሊ ሊትር ናቸው፣ 0.8ቷን በዓይኑ ገምቶ ነው ያነበባት፣ ሀብል ደግሞ በየቀለበቱ መሃል አየር ይይዛል። አንዱ ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ለማወቅ ስልኩ ላይ ግራሙን ለሚሊ ሊትሩ አካፈለና 15.575 የሚለውን ለእማዬ አሳያት፣ "ማዘር ይኸው፣ 21 ቢሆን 17 አካባቢ ይመጣ ነበር፣ ይሄ 18 ካራት ነው"። እማዬ ዝም አለች፣ አምስት አሃዝ ስታይ ምን ትበል?

እስቲ አብረን እንየው። ሚዛኑ የሰጠን አራት አሃዝ ነው። 20.0ም 20.8ም እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አሃዝ አላቸው፣ ሲቀነሱ ግን የቀረችን 0.8 ነች፣ ፊት ያለችው ዜሮ አትቆጠርም ስለዚህ አንድ አሃዝ ብቻ። ስንቀንስ የምናየው ከነጥብ በኋላ ያለውን ቦታ ነው፣ ስናባዛና ስናካፍል ግን መልሱ ከመለኪያዎቹ ውስጥ ትንሽ አሃዝ ካለው መብለጥ አይችልም። እንግዲህ 12.46 ለ0.8 ሲካፈል በአንድ አሃዝ "20 ገደማ" ነው የሚባለው፣ ይሄ ደግሞ ስለ ካራት ምንም አይነግረንም። ልጁ 0.7 ብሎ ቢያነብ 17.8 ይመጣ ነበር፣ 0.9 ቢል 13.8፣ ማለትም የዓይን ግምት በአንድ አስረኛ ብትዛነፍ ያው ሀብል ከ21 ካራት በላይ ወይ ከ18 በታች ይሆናል፣ የእናቴ ብር በዚች ላይ ነው የተንጠለጠለው!

"ወንድሜ፣ ሚዛንህ ላይ በብርጭቆ ውሃ አድርግና ዜሮ አድርገው፣ ሀብሉን በክር አንጠልጥለህ ስሩን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አስጠልቀው" አልኩት። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ስለሆነ ሚዛኑ የሚያሳየው ሀብሉ የገፋውን ውሃ ነው። ወዝወዝ አድርገን አየሩን አስወጣንና 0.73 አለ። ሲካፈል 17.068 ምናምን ይመጣል፣ ይሄንንም ይዤ መከራከር እችል ነበር ግን ልክ አይሆንም፣ 0.73 ሁለት አሃዝ ስለሆነ መልሱ 17 ነው። ንጹህ ወርቅ 19.3 ነው፣ ከብርና ከመዳብ የተቀላቀለ 21 ካራት 17 አካባቢ፣ 18ቱ ደግሞ ከ15 እስከ 16። ልጁም አይቶ አመነ፣ ሊያታልል የፈለገ ሰው አልመሰለኝም፣ ካልኩሌተሩን አምኖ ነው።

ቆጥረን የምናገኘው ቁጥር ግን ሌላ ነው፣ አምስት ቀለበት አንድ ላይ ተመዝኖ ለ5 ቢካፈል 5ቷ አሃዝ አትቀንስብንም፣ ተማሪዎቼ እዚህ ጋ ሁሌ ይሳሳታሉ።

ወርቅ ቤቶች እባካችሁ፣ ሚዛኑ እጃችሁ ላይ ነው፣ በክር አንጠልጥላችሁ መዝኑ። የምትሸጡም ሰዎች የውሃው ቁጥር ስንት አሃዝ እንዳለው አይታችሁ ነው ዋጋ የምትስማሙት።

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ