ስለ መኪና ቀለም ሃርድነር፦ ለጋራዥ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለመኪና ቀለም የምንቀላቅለው ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ከዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ በጣም ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አቧራው ቀለሙን እንዳያበላሽ በር ዘግተን እንረጫለን። ጭጋጉም አብሮን ይዘጋል። መርጨት ካቆምን በኋላም አየር ላይ ይቆያል፣ ዓይን ግን አያየውም። በማሽተትም አትተማመኑ፤ አፍንጫ ሳያውቀው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ በደንብ ሳይናፈስ ማስክ አይወልቅ። የጨርቅና የአቧራ ማስክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣው ነው። ውድ ነው፣ እናውቃለን። ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ ነው።

በዚህ ሳምንት በየጋራዣችሁ የሃርድነሩን ጣሳ ጽሑፍ አንብቡ። ማን ይረጫል? ስንት ሰዓት? ማን አጠገቡ ይቆማል? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ያለ ማስክ የሚላላኩት ረዳት ልጆች ናቸው። እነሱንም መዝግቡ፣ ሲረጭም ከክፍሉ አስወጧቸው።

ማታ ማታ የሚያስል፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ በእረፍት ቀን ግን የሚሻለው ካለ ቶሎ ሐኪም ይይ። ሥራውንም ለሐኪሙ ይንገረው፤ ሳይጠየቅ ቢሆንም።

የጣሳውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ እስከ ዓርብ በቴሌግራም ላኩልን።